የቅዳሜው ዑራ

ባለፈው ሳምንት ብሪክስተን ገበያ ቲማቲም እየመረጥኩ ሳለ አንዲት ሴትዮ አጠገቤ የዘይት ጠርሙስ ከፈተች። ነጭ አበባ የተዘፈዘፈበት የኮኮናት ዘይት ነው። ሽታው ገና አፍንጫዬ ሲደርስ ትከሻዬ ቀጥ አለ። እያጋነንኩ እንዳይመስላችሁ! ሁለቱም ትከሻዎቼ "ተጠንቀቅ!" የተባሉ ይመስል ቀጥ ብለው ቆሙ፣ እኔም ቲማቲሜን እንደያዝኩ ብቻዬን ሳቅሁ። ሻጩ "ይቺ ደግሞ ምን ነካት?" በሚል ዓይን አየኝ። ምን ብዬ ላስረዳው? ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ቶተንሃም ነኝ፣ ቀኑ ቅዳሜ ነው፣ ማማ ሩታ ከኋላዬ ቆመዋል፣ ትከሻዬን ካነቃነቅሁ ደግሞ ወዮልኝ።

ስሜ ትዕግስት ነው። ትዕግስት ግን አልፈጠረብኝም፤ እናቴ እስከ ዛሬ "ስምሽን ያወጣሁት ሳላውቅሽ ነው" ትለኛለች። እኔና እሷ ከባሕር ዳር ተነሥተን ሎንደን የገባነው ከምርጫ ዘጠና ሰባት ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ካውንስሉ ከሰቨን ሲስተርስ ጣቢያ ብዙም በማይርቅ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ፍላት ሰጠን። እማዬ አረጋውያን የሚጦሩበት ኬር ሆም ውስጥ ትሠራ ነበር። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ሺፍት ስላላት "ይቺን ልጅ የት ላድርጋት?" የሚለው ጭንቀት ከሐሙስ ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ይዞር ነበር።

ከበታቻችን፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ሲያንኳኩ የሚውሉ ሰዎች ነበሩ። ታካ-ታካ-ታ! ታካ-ታካ-ታ! እማዬ መጀመሪያ "ቧንቧ እያስጠገኑ ነው" አለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሚጠገን ቧንቧ ሲጠፋባት "አይ፣ ሥጋ ነው የሚከትፉት" አለች። እኔ ግን እሷ ሥራ ስትሄድ ካልሲዬን አወልቅና ወለሉ ላይ በባዶ እግሬ እቆማለሁ። ንዝረቱ በውስጥ እግሬ ገብቶ እስከ ጉልበቴ ይወጣል፤ ትከሻዬ ደግሞ ማንም ሳያዘው እስክስታ ይወርዳል።

ትምህርት ቤት አጠገቤ የምትቀመጠው ኢና የዚያ ቤት ልጅ ሆና ተገኘች። "የምታንኳኳው አያቴ ናት" አለችኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ከየት እንደመጡ ስጠይቃት "ኩክ አይላንድስ" አለች። ያኔ እንግሊዝኛዬ በአብዛኛው የትምህርት ቤቱ ምሳ ቤት እንግሊዝኛ ነው፤ "ኩክ" ድንቹን የምታወጣልን ባለ ነጭ ቆቧ ሴትዮ ናት። ስለዚህ ወደ ቤት ሮጬ "እማዬ! ጎረቤቶቻችን ወጥ ቤቶች ብቻ ከሚኖሩበት ደሴት ነው የመጡት!" አልኳት።

"አላልኩሽም?" አለች እማዬ። "ሥጋ ነው የሚከትፉት!"

መጀመሪያ ቀን ከኢና ጋር ቤታቸው ስገባ ያ ሽታ ተቀበለኝ፤ የኮኮናት ዘይትና አበባ። ሳሎኑ መሐል አንዲት ግዙፍ አሮጊት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ነጭ አበባ ጆሯቸው ላይ ሰክተዋል፣ ፀጉራቸው በዘይቱ ያብረቀርቃል። ማማ ሩታ ናቸው። በሳቸው አገር ትልልቅ ሴት ሁሉ "ማማ" ይባላል። ፊት ለፊታቸው መሐሉ የተቦረቦረና ጎኑ የተሰነጠቀ ግንድ ተጋድሟል። ፓቴ ይሉታል። ከበሮ ነው ተባልኩ። ዙሪያውን አየሁት፣ ጎንበስ ብዬም ከሥሩ አየሁ።

"ቆዳው የታለ?" አልኩ።

እኔ ቆዳው የተቀደደባቸው መስሎኝ ከልቤ አዝኜ ነበር። ማማ ሩታ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ሁለቱን የእንጨት መምቻዎች አነሡና ግንዱን መቱት። ኧረ እናንተዬ! ከላይ በወለሉ የሰማሁት ነገር ለካ ጥላው ነው! ድምፁ ደረቴ ውስጥ ገብቶ በሮቹን ሁሉ ከፈተው።

ፓቴው ከማማ ሩታ አባት የተወረሰ ነው። በደሴታቸው መምቻ የሚይዙት ወንዶች ናቸው፤ አባታቸው ግን ስድስት ሴት እንጂ ወንድ ልጅ አልነበራቸውም። "ታዲያ ይዤው ልቀበር?" ብለው፣ ጎረቤት ቢያጉረመርምም፣ ለትልቋ ልጃቸው አስተማሩ። ማማ ሩታ ለልጃቸው ለሜሬ አስተማሩ፣ ሜሬ ደግሞ ኢናን እያስተማረች ነበር። ሜሬ የባስ ሹፌር ናት። አንዳንዴ ከትምህርት ቤት ስንመለስ እሷ የምትነዳው ባስ ይደርሰናል። ያን ጊዜ እኔና ኢና ከፊት ካለው ወንበር እንቀመጣለን። ቀይ መብራት ላይ ስትቆም መሪውን በጣቶቿ ታካ-ታካ-ታ ታደርጋለች፣ ኢና የመያዣውን ብረት እየመታች ትመልስላታለች። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ሁለቱም ያቆማሉ። ተሳፋሪው የሞተሩ ድምፅ ይመስለው ይሆናል፤ እኔ ግን ባሱ ራሱ የነሱ ቤተሰብ ይመስለኝ ነበር።

ያ ዓመት ግን ልዩ ዓመት ነበር። የማማ ሩታ ጣቶች መታጠፍ እንጂ መዘርጋት እምቢ ብለው ነበር። ስለዚህ በበጋው አንድ ቅዳሜ፣ ዘመድ ወዳጅ በተሰበሰበበት፣ መምቻቸውን ለሜሬ ሊያስረክቡ ተወሰነ፤ ኢና የሜሬን ቦታ ልትይዝ፣ ሴቶቹ በአንድ ሰልፍ ሊጨፍሩ። ሰልፉ ውስጥ ደግሞ አንድ ቦታ ባዶ ነው፤ የኢና የአክስት ልጅ ማንችስተር ሄዳለች። ያንን ቦታ ፈለግሁት። እንዴት እንደፈለግሁት ልነግራችሁ አልችልም! ምግብ ስበላ እሱን ነው የማስበው፣ ሒሳብ ስሠራ እሱን ነው። በሕይወቴ የዚያን ያህል የፈለግሁት ነገር ያለ አይመስለኝም።

"ቅዳሜ ዑራ አለ፣ እናትሽን አስፈቅጂና ነይ" አለችኝ ኢና። በነሱ ቋንቋ ዑራ ማለት ጭፈራ ነው። እኔም ይህን አውቃለሁ። እንግዲህ ጥፋቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

እማዬ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች "እማዬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከኢና ጋር ዑራ ልሂድ?" አልኳት።

የአንድ እግሯን ጫማ እንደያዘች ቀረች። "የት?"

"ዑራ።"

"የኛ ዑራ?"

እማዬ የዘጌ ልጅ ናት። ክርስትና የተነሣችው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ነው፤ ያ የጣና ዳር ገዳም በሕልሟም በመሐላዋም አይጠፋም። ዑራ ማለት ለሷ በዓለም ላይ አንድ ነው፤ ሌላ ዑራ ይኖራል ብላ እንዴት ታስብ?

"የት ነው የሚሰበሰቡት?"

"ቸርች አዳራሽ ውስጥ።" ይሄ እውነት ነው። አዳራሹ የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ውስጥ ነበር።

"ማን ነው የሚያሰባስባቸው?"

"ማማ ሩታ።"

"ሩት! ስማቸው ራሱ ከመጽሐፍ የወጣ! ቆይ ቆይ፣ ከደሴት ነው የመጡት አላልሽኝም? የጣና ደሴት ነዋ! አንቺ ደግሞ ወጥ ቤት ምናምን ብለሽ ታሳስቺኛለሽ! እኔም እኮ ቧንቧ፣ ሥጋ እላለሁ… ከበሮ ነው እንጂ! የኪዳነ ምሕረት ከበሮ ከእግሬ ሥር እየተመታ!" ዓይኗ እንባ ሞላ።

ያኔ "አይደለም" ማለት ነበረብኝ። ዝም አልኩ። ዝም ማለት ውሸት እንዳልሆነ በዚያን ጊዜ በጽኑ አምን ነበር። እውነቱን ብናገርስ? ወገቧን የምታወዛውዝ ዘፋኝ ቴሌቪዥን ላይ ብቅ ስትል እማዬ ሪሞቱን የምታነሣበትን ፍጥነት አውቃለሁ። የነሱ ዑራ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ወገብ ነው።

እናም በየቅዳሜው ንጹሕ ነጠላ አልብሳ፣ ፀጉሬን አስራ፣ ግንባሬን ስማ ላከችኝ። ማማ ሩታ ነጠላዬን ገና ሲያዩት "እንዴት ያለ ሸማ ነው!" ብለው ከትከሻዬ ገፈፉና ወገቤ ላይ ጥብቅ አድርገው ቋጠሩልኝ። ሁሉም ሽርጣቸውን የሚያስሩት እዚያ ነው፤ የወገቡ መሽከርከር እንዲታይ። ጥለቱ ሲውለበለብ ማየት ነበረባችሁ!

እማዬ ወርዳ ሰላም እንዳትላቸው መከራዬን አየሁ። "ተኝተዋል"፣ "ትንሽ አሟቸዋል"፣ "እንግዳ አለባቸው" እያልኩ ሳምንቱን እገፋለሁ፤ እሷም ከሺፍት ብዛት ትተወዋለች። አንድ ቀን ኢናን ደረጃ ላይ አገኘቻትና አገላብጣ ሳመቻት። "ፀጉሯ ራሱ የዘጌ ነው" አለችኝ። "አማርኛው ግን ጠፍቷታል፣ ምስኪን። እዚህ የተወለዱት እንዲህ ናቸው።"

ይህ ሁሉ ሆኖ ዋናው ችግሬ ሌላ ነበር። ትከሻዬ! በነሱ ጭፈራ ትከሻ አይነቃነቅም። ከወገብ በታች ማዕበል ነው፣ ከወገብ በላይ ሐውልት። እኔ ደግሞ ከሠርግ ሠርግ እየዞርኩ እስክስታ ስወርድ ያደግሁ ልጅ፣ ምቱ ሲጀምር ወገቤ ግንድ ይሆናል፣ ትከሻዬ ደግሞ የራሱን ሠርግ ይደግሳል። ልጆቹ መሬት እስኪወድቁ ይስቁብኛል። ማማ ሩታ ግን አልሳቁም። "ይቺ ልጅ ሞተሯ ያለቦታው ነው የተገጠመው" አሉ፣ እንደ መካኒክ ቆመው እያዩኝ። ከዚያ ሁለት ትንንሽ የሩዝ ከረጢቶች አመጡና በሁለቱ ትከሻዎቼ ላይ አስቀመጡ። "ሩዙ ከወደቀ ሰልፉ ውስጥ አትቆሚም። ካልወደቀ ቦታው ያንቺ ነው።"

ወደቀ። ስንት ጊዜ እንደወደቀ አልነግራችሁም።

ቤት ውስጥም ጀመርኩ። ከማድ ቤታችን ሁለት የሩዝ ከረጢት አውጥቼ፣ መስታወቱ ፊት ቆሜ፣ ሩዙን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ በልቤ እቆጥራለሁ። አንድ ቀን እማዬ ከሥራ ቀድማ ገባች። በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ጥርሴን ነክሼ፣ ላብ አጥምቆኝ፣ ሸክም ተሸክሜ። ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ።

"ልጄ! ምን በድለሽ ነው?"

አገራችን ሰው ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ ተሸክሞ እግር ሥር ይወድቃል። ንስሐ መግባቴ መሰላት! እቅፍ አድርጋ ታለቅስ ጀመር። "በዚህ ዕድሜሽ! ድንጋይ ብታጪ በሩዝ! ዑራ አስተምራሽ ነው አይደል? ተባረኪ!" በድዬ እንደሆነስ በድያለሁ፤ የበደልኳት እሷን ነው፣ እሷ ደግሞ እየባረከችኝ ነው። አሁን ልንገራት አልኩ። አፌን ከፈትኩ። ሰልፉ ትዝ አለኝ፣ አፌን ዘጋሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሩዙ አልወደቀም። ማማ ሩታ አንድ ጊዜ ብቻ ራሳቸውን ነቀነቁና "ቦታው ያንቺ ነው" አሉ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

የርክክቡ ቀን ደረሰ። ጠዋት ከእንቅልፌ ስነቃ ቤቱ ዳቦ ዳቦ ይሸታል። እማዬ ሀገር ልብሷን ለብሳ፣ ድፎ ዳቦ በጨርቅ እየጠቀለለች ነው።

"ሥራ የለሽም?" አልኳት።

"ሺፍት ቀይሬያለሁ። ዛሬ እኮ አሥራ ስድስት ነው፣ ኪዳነ ምሕረት! ስንት ጊዜ ልጄን ብቻ እልካለሁ?"

"እማዬ፣ ዑራ እኮ… ያ ዑራ አይደለም…"

"ፍጠኚ፣ ቅዳሴው ያልፈናል!"

"እማዬ ስሚኝ…"

"ጫማሽን!"

ኢና በራችንን አንኳኳች። ፈሪ ስለሆንኩ እጇን ይዤ ፊት ፊት ሮጥኩ። ምናልባት ሐሳቧን ትቀይራለች፣ ምናልባት መንገድ ትስታለች አልኩ። የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው፤ በምን ትስተዋለች?

አዳራሹ ጢም ብሏል። በየአንገቱ የአበባ ጉንጉን። ማማ ሩታ ፓቴው ፊት ተቀምጠው ጣታቸውን ያሟሙቃሉ። እኔ ሰልፉ ውስጥ ቦታዬ ላይ ቆሜያለሁ፣ ነጠላዬ ወገቤ ላይ ተቋጥሯል፣ ለመጨረሻ ጊዜ እየተለማመድን ነው። በሩ ተከፈተ። እማዬ ከእግር እስከ ራሷ ነጭ ለብሳ፣ ድፎ ዳቦውን ታቅፋ ገባች። አሥራ አምስት ሴት ወገቡን እያዞረ ነው። ከመሐላቸው አንዷ እኔ ነኝ።

ምቱ ቆመ።

"ትዕግስት።" እንደ ወትሮዋ ቲጂ አላለችኝም።

"አቤት እማዬ።"

"ይሄ ነው ዑራ?"

"በነሱ ቋንቋ… ጭፈራ ማለት ነው።"

"ኪዳነ ምሕረትስ?"

"የለችም።"

ነጠላዬን አየችው። ወገቤ ላይ። ፊቷ ሲቀየር አየሁ፤ ከቁጣዋ ይልቅ ማፈሯ ገደለኝ። እማዬ እንግሊዝኛ ትችላለች፣ ስትናደድ ግን እንግሊዝኛዋ ጥሏት ይጠፋል። ወደ ማማ ሩታ በአገጯ እያሳየች "በያት ሴትዮዋን። ልጄን ይዤ ልሄድ ነው በያት" አለች።

አዳራሹ ሁሉ ፈገግ ብሎ የኔን ትርጉም ይጠብቃል። "እንኳን አደረሳችሁ ትላለች" ብል ማን ያውቅብኛል? ሙዚቃው ይቀጥላል፣ እኔም እጨፍራለሁ፣ ከዚያ በኋላ የፈለገው ይምጣ። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እማዬን አየኋት፤ ዳቦውን አሁንም እንደታቀፈች ነው። አልቻልኩም። ለማማ ሩታ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዑራ ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ፣ እናቴ እንደዚያ እንደመሰላት፣ እኔ አውቄ ዝም እንዳልኩ፣ አሁን ልትወስደኝ እንደሆነ። መጨረሻውን በለቅሶ ነው የጨረስኩት።

ማማ ሩታ መምቻውን አስቀምጠው ቀስ እያሉ መጡ። እኔን አላዩኝም። "እናትሽን ጠይቂልኝ፣ የሷ ዑራ የት ነው?" አሉ።

"ምን አገባት!" አለች እማዬ። ግን ስለ ዑራ ተጠይቃ ዝም ማለት መች ይሆንላታል? "ውሃ ላይ። በጀልባ ነው የሚኬደው።"

"የኔም አገር በጀልባ ነው። ከበሮ አለ?"

"ያለ ከበሮ ምን ማኅሌት አለ!"

"ማን ይመታዋል?"

"ወንዶች ናቸዋ።" ዳቦውን ወደ ደረቷ አስጠጋች። "አባቴ ይመቱ ነበር። እኔ ከደጅ ሆኜ እሰማለሁ። ድምፁን ከሌላው ሁሉ እለየው ነበር።"

ተረጎምኩ። ማማ ሩታ ወደ ግንዱ አመለከቱ። "ይሄ የአባቴ ነው። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ለኔ ሰጡኝ። ዛሬ እኔ ለልጄ የምሰጥበት ቀን ነው። ልጅሽም እንድታይልኝ ብዬ ነበር። ያንቺን ፈቃድ አለመጠየቄ ጥፋቱ የኔ ነው።" ከአንገታቸው የአበባውን ጉንጉን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው፣ በሁለት እጃቸው እማዬ አንገት ላይ አጠለቁላት።

እማዬ ለረጅም ጊዜ ግንዱን አየችው። የሜሬን እጅ አየች፣ የማማ ሩታን የተቆለመሙ ጣቶች አየች።

"ንገሪያቸው" አለች። ሰማችሁ? ንገሪያቸው! አንቱ አለቻቸው! "ነጠላው ይፈታ። ነጠላ ለወገብ ማዞሪያ አይሆንም። ሌላ ነገር ያስሩልሽ።"

ማማ ሩታ ራሳቸው ፈቱት፣ አጥፈውም ለእማዬ ሰጧት። ሜሬ ቀይ አበባ ያለበት ሽርጥ አሰረችልኝ። እማዬ ፊት ወንበር ላይ፣ ዳቦውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጀርባዋን አቅንታ ተቀመጠች። አልሳቀችም።

ማማ ሩታ መቱ። እንደዚያ መትተው አያውቁም! መሐል ላይ፣ ምቱ ሳይቋረጥ፣ መምቻዎቹን አንድ በአንድ ለሜሬ አቀበሉ። መጀመሪያ የቀኙን፣ ከዚያ የግራውን፤ ምቱ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲሻገር አንዲት "ታ" እንኳ አልጎደለችም። አዳራሹ ጮኸ። ኢና የናቷን ቦታ ያዘች። እኔም ጀመርኩ። ወገቤ ዞረ፣ እጄ ተዘረጋ፣ ትከሻዬ ቀጥ አለ። ሆነልኝ! ሆነልኝ!

ከዚያ ሜሬ ምቱን አፈጠነችው። ደሜ ፈላ፣ ትከሻዬ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠ፣ ሁለተኛ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ጨርሶ አመለጠኝ፤ ሐውልት መስለው ከቆሙ ሴቶች መሐል ብቻዬን እስክስታ እወርዳለሁ። ልጆቹ መሳቅ ጀመሩ። ማማ ሩታ አፋቸውን ከፈቱ፣ ግን ከሳቸው ሌላ ሰው ቀደመ። ፊት ወንበር ላይ ነጭ የለበሰች ሴት ብድግ አለች፣ ዳቦው ከጭኗ ሊወድቅ ሲል በአንድ እጇ ይዛው፣ በሌላኛው እያመለከተችኝ፣ ባላት ድምፅ ሁሉ፦

"ትከሻሽን ተይው! ወገብሽን ነው ልጄ፣ ወገብሽን!"

እናቴ! በሰው ፊት! ከዚያ ሁሉ ሰው ያለችው የገባው ለኔ ብቻ ነበር። ወገቤን አዞርኩት።